አራት ሲጠራ አቤት ያለው

ጋሽ ዝምታ ሲሞት ትንፍሽ አላለም። ያ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ስሙም ለቀልድ የወጣለት ነው። ሰባተኛው ሚክሰር ውስጥ ቁጭ ብሎ የደረቀ ቀለም እየፋቀ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራ ነበር። ከላይ፣ በክዳኑ በኩል፣ ሽቦ የሚሏት ልጅ የእጅ መብራት ይዛለታለች።

«ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ?» አላት።

ሐኪሙ ምን እንዳለው አልሰማችም። የሚክሰሩ የብረት ክንፎች ዞሩ።

ሁለት ዙር ብቻ ነው የዞሩት። ሽቦ ጮኸች። ምን ብላ እንደጮኸች ኋላም አላስታወሰችም። ከመስታወቱ ወዲያ መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጠው ወንድሟ ጩኸቷን ሰምቶ ቀዩን የአደጋ ቁልፍ በቡጢ መታው። ክንፎቹ ቀጥ አሉ። የእጅ መብራቱ አምልጧት ወድቆ ጋሽ ዝምታ አጠገብ ሲንከባለል አየች። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ጨፈነች።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ወንድሟ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አራትን ነው የነካሁት!» ይላል። «አንቺን ይንሳኝ፣ አራትን ነው የነካሁት! ሰባትን ቆልፌዋለሁ እኮ!»

ቦታው የቀለም ፋብሪካ ነው። ሰው ቆሞ የሚገባባቸው ስምንት ሚክሰሮች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ድሮ ሰው ለጽዳት ሲገባ የዚያ ሚክሰር ኃይል ይቋረጥና ማቋረጫው ላይ ቁልፍ ይንጠለጠልበት ነበር። እንደገና እስኪነሳ ጊዜ ይፈጃል ተባለና ቀረ። አሁን ኦፕሬተሩ ስክሪኑ ላይ የሚክሰሩን ቁጥር ይቆልፋል፣ በቃ። የሰው ነፍስ በአንዲት ቁጥር ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ይሄ አሠራር ነው ይባል? ግን ማን ይናገራል፣ ሁሉም እንጀራው ነው።

ኦፕሬተሩን፣ የሽቦን ወንድም፣ ሠራተኛው ፒያኖ ይለዋል፤ ጣቶቹ ስክሪኑ ላይ ሲሮጡ ለጉድ ነው። እህቱን ሽቦ ያሏት ኤሌክትሪሺያን ስለሆነች ብቻ መስሏት ነበር፤ ጋሽ ዝምታ ነው «በጎን ስትቆሚ ስለማትታዪ ነው» ብሎ የነገራት። እናት አባታቸው ካለፉ ወዲህ ፒያኖን ያሳደገችው እሷ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ሰው የላትም።

ፖሊስ መጣ። ፒያኖን ለብቻው ይዘውት ሄዱ። ሲወስዱት ዞር ዞር እያለ ያያት ነበር፤ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ጥላው ስትሄድ እንዳያት። ግድግዳውን ተደገፈች።

መርማሪው በጉንፋን የተያዘ፣ መሐረብ ከእጁ የማይለይ ጎልማሳ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ በቀለም ቆርቆሮዎች መካከል፣ ሁለት ወንበር አስቀምጦ ጠራት።

«ወንድምሽ ከሟቹ ጋር ጠብ ነበረው?»

«ከጋሽ ዝምታ ጋር? ማን ተጣልቶት ያውቃል?»

«ትናንት ምሳ ላይ ሳህን ወርውሯል አሉኝ።»

«ማንኪያ ነው! ያውም ግድግዳው ላይ። ጋሽ ዝምታ ‹እጮኛህ የተወችህ አፍህ ስለማይፈታ ነው› ብሎ ሰው አሳቀበት። ማታ ታርቀው ነው የሄዱት።»

«ሲታረቁ አይተሻል?»

አላየችም። ፒያኖ ነው የነገራት።

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ። «ኦፕሬተሩ አራትን ነካሁ ይላል፤ የዞረው ሰባት ነው። ስክሪኑ ደግሞ የተነካውን አይመዘግብም አሉኝ። ኮረንቲ ከአምፖል አልፎ አይገባኝም፤ እስቲ እንደ ልጅ አስረጂኝ።»

አስረዳችው። ከሚክሰሮቹ ጀርባ የኤሌክትሪክ ክፍል አለ። እዚያ ግድግዳው ላይ ስምንት ሳጥኖች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ሚክሰር ሞተር ያዞራል። ከእነሱ በላይ አንድ ዋና መቆጣጠሪያ አለ። ማኑዋሉ ዋናውን ጌታ፣ ሌሎቹን ባሪያ ይላቸዋል። ጋሽ ዝምታ ይህን የሰማ ዕለት «እኔ ባለሁበት ግቢ ባሪያ የሚባል ቃል አልሰማም!» ብሎ ሲንጨረጨር ዋለና አዛዥና ታዛዥ ብሎ ሰየማቸው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም የጠራቸው የለም።

«ታዛዦቹ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ናቸው» አለች። «አዛዡ ‹አራት፣ ተነስ› ሲል ስምንቱም ይሰሙታል። አቤት የሚለው ግን ‹አራት እኔ ነኝ› የሚለው ብቻ ነው። አዛዡ ፊት አይለይም፣ የት እንደተሰቀሉም አያውቅም። በቁጥር መጥራት ብቻ ነው የሚችለው።»

«ቁጥሩን ማን ይሰጣቸዋል?»

«እኛ። በሳጥኑ ጎን ጥፍር የማያክሉ ስዊቾች አሉ። እነሱን ከፍ ዝቅ እያደረግን ነው የምንሰጠው።»

«ለእነዚህ ሳጥኖች ማን ሰጠ?»

«እኔ። አምና ስምንቱንም እኔ ነኝ የገጠምኳቸው።»

ይህን ስትል ጀርባዋን ላብ አጠመቀው። ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የፈራችው ይሄንኑ ነው። ተሳስቼ ይሆን? አንዷን ስዊች ቁልቁል መግፋት ሲገባኝ ሽቅብ ገፍቼ ይሆን? ጋሽ ዝምታን የገደልኩት እኔ እሆን? ግን አንድ ዓመት ሙሉ በደህና ሠርቷል እኮ! ታዲያ ዛሬ ምን መጣ?

«አትፍሪ» አላት መርማሪው። «ኢንጂነሩ ስዊቾቹን አንድ በአንድ አሳይቶኛል። ሰባት ላይ ሰባት ነው፣ አራት ላይ አራት። አንቺ አልተሳሳትሽም።»

ተመስገን አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ክው አለች። ሳጥኖቹ ልክ ከሆኑ የዋሸው ወንድሟ ነዋ።

«ለነገሩ እሱም አምኗል» አለ መርማሪው። «‹ሰባትን ነክቼ ይሆናል› ብሎ ፈርሟል። እኔ አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ?»

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ኢንጂነሩ ቆሞ አገኘችው። የጥገና ኃላፊ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እዚህ ግቢ ሠርቷል። መፍቻ አያያዝ ሳይቀር ያስተማራት እሱ ነው። ትከሻዋን አቀፋት።

«አይዞሽ ልጄ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ አናግሬዋለሁ። ‹ተሳሳትኩ በል፣ ድካም ነው በል፣ ያቀሉልሃል› አልኩት። ልጅ ነው፤ ግራ ገብቶታል።»

«እርስዎ ነዎት ፈርም ያሉት?»

«ምን ላድርግ? ስዊቾቹ አፍ አውጥተው ሰባት፣ አራት እያሉ! እኔ እንደሆንኩ አደጋው እንደደረሰ ነው ሮጬ የገባሁት፤ ኃይል ላቋርጥ ብዬ። የአደጋ ቁልፉ ሞተሮቹን አቁሟቸው አገኘሁና ተውኩት። ያኔውኑ ነው ያየኋቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። ስድስት ሰዓት ላይ ጠቅላላ ኃይሉ ተቋርጦ ግቢው ይዘጋል፤ ሥራ አስኪያጁ አዟል።»

አመስግናው ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች።

ጠቅላላ ኃይሉ ይቋረጣል።

አምና አዲሶቹ ሳጥኖች ሲመጡ ማኑዋሉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። ኢንጂነሩ «ማኑዋል የሚያነብ የማያውቅ ነው» እያለ ሲስቅባት ነበር። ያነበበችው አንድ ዓረፍተ ነገር አሁን ትዝ አላት። አሮጌዎቹ ሳጥኖች ስዊቻቸው በተነካ ቁጥር ቁጥራቸውን ወዲያው ይቀይሩ ነበር። አዲሶቹ ግን ስዊቹን የሚያዩት አንድ ጊዜ፣ ኃይል ሲያገኙ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስዊቹን ብታገላብጠው ኃይል ጠፍቶ እስኪመለስ ድረስ በያዙት ቁጥር ይጸናሉ።

ስለዚህ ስዊቹ ዛሬ የሚለውና ሳጥኑ ጠዋት የነበረው ሌላና ሌላ ሊሆን ይችላል። ይሄን የሚያውቅ ሳጥኑ ራሱ ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እሱም ይረሳዋል።

ሰዓቷን አየች። አምስት ከሩብ ሆኗል።

ፈራች። እንዲህ ያለ ፍርሃት ገጥሟት አያውቅም። ሳጥኑን ጠይቃው «ሰባት ነኝ» ቢላትስ? ወንድሟን በገዛ እጇ ማስፈረዷ ነው። አሁን ቢያንስ ጥርጣሬ አለ፤ ያኔ ግን ምንም አይቀርለትም። «አንቺን ይንሳኝ» ያለውን አሰበች። ከሷ ሌላ የሚምልበት የለውም እኮ፣ በእሷ ደግሞ በውሸት አይምልም። ወደ መርማሪው ተመለሰች።

«አስር ደቂቃ ይስጡኝ» አለችው። «ሳጥኖቹን ልጠራቸው።»

መርማሪው አያት። መሐረቡን ኪሱ ከተተ። «ኢንጂነሩም ይኑር» አለ። «የክፍሉ ኃላፊ ነው።»

የኤሌክትሪክ ክፍሉ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ማንንም ለብቻው አላስገባሁም አለ። ሦስቱ ገቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ይሞቃል፤ የሳጥኖቹ ማራገቢያ ያንሾካሽካል። ግድግዳው ላይ ከእያንዳንዱ ሳጥን ራስ በላይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተለጥፏል። በሩ አጠገብ የጠቅላላ ኃይሉ ማቋረጫ አለ፤ ክንድ የሚያህል ቀይ እጀታ።

ሽቦ የእጅ ስክሪኗን መስመሩ ላይ ሰካች።

«ሞክሪው ልጄ፣ ሞክሪው» አለ ኢንጂነሩ በፈገግታ። «ልብሽ ይረፍ።»

«አንድን ሳጥን በቁጥሩ ስጠራው ሞተሩ አይነሳም» አለችው ለመርማሪው። «መብራቱ ብቻ ነው ሦስት ጊዜ ብልጭ የሚለው። አንድን ልጥራ።»

ጠራች። ‹አንድ› ከሚለው ብረት በታች ያለው ሳጥን ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ሁለትን ጠራች፤ ሁለት መለሰ። ሦስትም እንዲሁ።

ጣቷ አራት ላይ ሲደርስ ቆመ። አምላኬ አለች፣ ዓይኗን ጨፍና ነካችው።

«ኧረ!» አለ መርማሪው።

ዓይኗን ገለጠች። አራተኛው ሳጥን ጭጭ ብሏል። ብልጭ የሚለው ሰባተኛው ነው።

ሰባትን ጠራች። አራተኛው ብልጭ አለ።

አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ዋጥ አደረገችው። መርማሪው ሰባተኛው ሳጥን ላይ አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋና ስዊቾቹን አየ። «ይሄ ሰባት አይደለም እንዴ የሚለው? ጠዋት አሳይተውኝ የለ?»

«ብልሽት ነው» አለ ኢንጂነሩ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «ይሄ አዲስ ዕቃ እንዲህ ነው፤ ይቀባዥራል። አጥፍተን እናብራው፣ ይስተካከላል።»

ይህን እያለ እጁን ወደ ቀዩ እጀታ ሰደደ። በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር እንደሚያደርግ ሰው፣ ሳይቸኩል።

«አይንኩት!»

ሽቦ ተወርውራ ጀርባዋን እጀታው ላይ ለጠፈች። ክንዱን ያዘችው። በዕድሜዋ ያልነካችው ሰው ነው፤ ሲመጣ ከወንበር የምትነሳለት። ግን አልለቀቀችም።

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል?»

«አይንኩት ኢንጂነር! በፈጠረዎት!»

«እጅዎን ያውርዱ» አለ መርማሪው። በጉንፋን የተዘጋው ድምፁ አሁን ጥርት ብሏል። ኢንጂነሩ አወረደ። «አንቺ፣ ለምንድን ነው ኃይሉ እንዳይጠፋ የፈለግሽው?»

«ከጠፋ ይረሱታላ!» አለች። ቃሉ ተንዶ ወጣ። «አዲሶቹ ሳጥኖች ስዊቹን የሚያዩት ኃይል ሲያገኙ ብቻ ነው። ጠዋት ኃይል ሲያገኙ የዚህኛው ስዊች አራት ላይ ነበር፤ ስለዚህ አራት ነኝ ብሎ ተነሳ። ወንድሜ አራትን ሲነካ ሰባተኛው ሚክሰር የዞረው ለዚህ ነው። ስዊቹን ሰባት ላይ ያደረገው ሰው ከዚያ በኋላ ነው የነካው። አሁን ኃይሉን አጥፍተን ብናበራው ሁሉም ልክ ይሆናል፤ ወንድሜም ውሸታም ሆኖ ይቀራል።»

«መቼ ነው ኃይል ያገኙት?»

የእጅ ስክሪኑን አዞረችለት። እያንዳንዱ ሳጥን ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይቆጥራል። ስድስቱ ከተነሱ አሥራ ዘጠኝ ቀን አልፏቸዋል። አራትና ሰባት ግን ከተነሱ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሆናቸው።

መርማሪው ወደ ኋላ ቆጠረ። «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥራ አምስት። የበሩን መዝገብ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከጥበቃው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የነበረው።» ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። «ምን ሲሠሩ ነበር?»

«የዘወትር ፍተሻ።»

«አራትንና ሰባትን አጥፍተዋል?»

«አላስታውስም።»

«ከአደጋው በኋላ እዚህ ክፍል ለብቻው የገባ ሰው ማነው?»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ወደ ሰባተኛው ሳጥን መለሰ።

«እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ኃይል ላቋርጥ ገባሁ ብለው።»

«ስዊቹን ከነካሁት ወዲያው መቀየር ነበረበት እኮ» አለ ኢንጂነሩ። ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። «የድሮዎቹ ወዲያው ነበር የሚቀይሩት።»

መርማሪው ኮረንቲ አያውቅም፤ ሰው ራሱን ሲያጋልጥ ግን ያውቃል።

«ይንገሩኝ» አለ።

ኢንጂነሩ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። የተናገረው ለሽቦ ነው።

«አራት እየጋለ አስቸግሮኝ ነበር። ጥፋቱ ከሞተሩ ይሁን ከሳጥኑ ለመለየት ከሰባት ጋር አቀያየርኳቸው። የአራትን ሳጥን ሰባት ጋ ሰቀልኩት፣ የሰባትን አራት ጋ። አብርቼ ፈተሽኳቸው። ቁጥራቸውን ልቀይር ስል ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለ፤ ወጣሁ። ከዚያ ረሳሁት። ልጄ፣ ረሳሁት! ጩኸትሽን ስሰማ ነው ትዝ ያለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ፈራሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ ሰው ተቧጭሮ አያውቅም። ጡረታዬ ሰባት ወር ነው የቀረው። ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልውጣ?»

«እና ወንድሜ ይባል?»

«እሱ ልጅ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ስህተት ነው ብሎ ካመነ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ጊዜ አለው ብዬ ነው።»

ሽቦ ይህን ሰው አባቴ ስትለው ኖራለች። ሁለት ሦስት ዓመት ሲል የሰው ዕድሜ ሳይሆን የሳጥን ዋስትና የሚቆጥር ይመስል ነበር። ልትሰድበው አፏን ከፈተች። የሚመጥን ስድብ አጣችለትና ተወችው።

መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ማንም ይረሳል። ስዊቹን ቀይሮ፣ ጣቢያ ድረስ ሄዶ፣ ያን ልጅ ትከሻውን አቅፎ «ፈርም» ማለት ግን በምን ይታሰባል? ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እኮ! መርማሪው አስነሳው፤ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ እጁን ይዞ ወሰደው። ሽቦ ግን ከቀዩ እጀታ አልተነቃነቀችም። የፖሊስ ባለሙያዎች መጥተው የሳጥኖቹን መልስ በካሜራ ቀርጸው፣ መርማሪው ራሱ «አሁን በቃ» እስኪላት ድረስ እዚያው ቆመች።

ፒያኖን አሥር ሰዓት ላይ ለቀቁት። ጣቢያው በር ላይ አቅፋው ልብሱ እስኪቀደድ ጨመቀችው። እሱ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ።

«ሰማህ?» አለችው። «ሳጥኑ ነው። ኢንጂነሩ አቀያይሮት ነው። አንተ አራትን ነው የነካኸው።»

«እሺ» አላት።

ሰፈር ሲደርሱ ብቻ ተናገረ።

«እታለም፣ እሳቸው ሲነግሩኝ ሰባትን ስነካ ታየኝ እኮ። ጣቴን አየሁት። አሁንም ይታየኛል።»

«አልነካህም ወንድምዓለም። በዓይኔ ነው ያረጋገጥኩት።»

«እሺ።»

ሕንፃቸው ገብተው ሊፍት ውስጥ ቆሙ። በሩ ተዘጋ። እንደ ሁልጊዜው ቁልፎቹ አጠገብ ያለው እሱ ነው። ጣቱን አነሳ። ቁጥሮቹን ከታች ወደ ላይ አያቸው፣ እንደገና አያቸው። ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሊፍቱ ቆሟል፣ እነሱም ቆመዋል።

«የኛ ስንተኛ ነው?» አላት።

«አራተኛ።»

«የትኛው ነው አራት?»

ሽቦ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው እንባ መጣ። ልትነካለት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ጣቱን በጣቷ ያዘችና አብራው ወደ ቁልፉ ወሰደችው። ተጫኑት። ሊፍቱ ተነቃነቀ፤ ፒያኖ ክንዷን ጨምድዶ ያዘ።

ሲቆም በሩ ተከፈተ። ከመውጣቱ በፊት አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ግራና ቀኝ አየ፤ የቤታቸውን በር፣ የጎረቤትን የጫማ መደርደሪያ።

«አራት ነው?»

«አራት ነው» አለችው።

እሱ ግን ወጥቶ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በእጁ እስኪዳብስ ድረስ አላመናትም።